በአካውንቲንግ ክፍል ስላሉ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች፦ አስተርጓሚ በተገኘበት ቀንም ትምህርቱ ለምን አይደርስም?

ጥያቄ፦ ከአካውንቲንግ መምህር

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። በዚህ ሴሚስተር በያዝኩት የሁለተኛ ዓመት ክፍል ሁለት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ። አንደኛዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማትሰማ፣ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ተምራ ያደገች ናት። ሁለተኛው በአሥራዎቹ ዕድሜው በወሰደው የመርፌ ሕክምና ምክንያት የመስማት አቅሙ የደከመ፣ አማርኛን አቀላጥፎ የሚናገር፣ የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግና ምልክት ቋንቋ የማያውቅ ወጣት ነው። በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሚያስፈልጋቸው ነገር የተለያየ መሆኑን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ተረድቻለሁ።

አስተርጓሚዎች ለመላው ግቢ ጥቂት በመሆናቸው ወደ እኔ ክፍል የሚመጣው በሳምንት ካሉት ሁለት ክፍለ ጊዜያት በአንዱ ብቻ ነው። ይህንን ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ አመልክቻለሁ። እዚህ የምጠይቀው ግን አስተርጓሚው በተገኘበት ቀን እንኳ ትምህርቱ ለተማሪዋ በተሟላ መልኩ እየደረሰ እንዳልሆነ ስለምመለከት ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በአጋማሽ ፈተናው ላይ በ250,000 ብር ስለተገዛ ማሽን ጠይቄ ነበር፤ አገልግሎቱ 5 ዓመት፣ የመጨረሻ ዋጋው 10,000 ብር ነው። ተማሪዋ የዓመቱን የእርጅና ቅናሽ (ማሽኑ በማገልገሉ በየዓመቱ የሚቀነስለትን ዋጋ) 48,000 ብር ብላ አወጣች፤ ስሌቱ እንከን የለውም። ነገር ግን ማሽኑ የተገዛው የበጀት ዓመቱ ሲጋመስ ስለነበር የመጀመሪያው ዓመት መልስ 24,000 ብር መሆን ነበረበት። ይህ መረጃ የተቀመጠው በረጅሙ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መካከል በገባ ሐረግ ውስጥ ነው። አካውንቲንጉን ታውቀዋለች፤ የጣላት ዓረፍተ ነገሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ ይህ ነገር እዚያ ድረስ እንዳይከተላት እሰጋለሁ። የጥያቄውን እንግሊዝኛ ባቀልላት ወይም ተጨማሪ ሰዓት ብሰጣት በሌሎቹ ተማሪዎች ላይ አድልዎ ይሆናል ወይ?

ወጣቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣል፤ ስናገር እንደሰማ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ በሚቀጥለው ቀን ስጠይቀው ግን ግማሹን እንዳልሰማ እረዳለሁ። በሁለቱም ረገድ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብታካፍሉኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ከመስማት የተሳነው ተመራቂ

መምህር፣ ጉዳዩን እንዲህ ተጨንቀው በማቅረብዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አልሰማም። ኢኮኖሚክስ አጥንቼ ተመርቄአለሁ፤ አሁን በሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ተማሪዋ ከተቀመጠችበት ወንበር ሆኜ ነው።

የሚሰማ ተማሪ ጆሮውን ለመምህሩ ይሰጥና ዓይኑን በሰሌዳውና በደብተሩ መካከል ያመላልሳል። እኛ ግን የምንሰማውም፣ የምናነበውም፣ የምንጽፈውም በዚያው በሁለት ዓይናችን ነው። መምህሩ «ማሽን ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት» እያለ በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ አስተርጓሚው በዚያው ቅጽበት በእጁ ይናገራል። ቁጥሩ በየትኛው ዓምድ ላይ እንደተጻፈ ለማየት ወደ ሰሌዳው ብዞር ምክንያቱን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር አልፎኛል፤ አስተርጓሚውን ስከተል ቁጥሩ ተጠርጎ ሌላ ተጽፏል፤ ጎንበስ ብዬ ደብተሬ ላይ ልጻፍ ካልኩ ደግሞ ሁለቱንም አጥቻለሁ። በሁለት ሰዓት ሌክቸር ውስጥ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ያስቡት። አስተርጓሚ ባለበት ቀንም ትምህርቱ ለምን እንደማይደርስ ለጠየቁት መልሱ በአብዛኛው ይህ ይመስለኛል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ይጻፉ፤ እየጻፉ አይናገሩ። ጽፈው ሲጨርሱ ክፍሉ እስኪያነበው ድረስ ጥቂት ይታገሡ፤ ከዚያ በኋላ ፊትዎን መልሰው ያብራሩ። በዚህ ምክንያት ክፍሉ ይዘገያል ብለው አይስጉ፤ የሚሰሙትም ተማሪዎች ቢሆኑ እየገለበጡ ማዳመጥ ይከብዳቸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዕለቱን ስላይድና የሚሠሩትን መልመጃ ከዋዜማው ማታ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይልቀቁት። ተማሪዋ ቁጥሮቹን አስቀድማ ካየቻቸው በክፍል ውስጥ ዓይኗን ከአስተርጓሚው ላይ ሳታነሣ መቆየት ትችላለች፤ ከጓደኛዋ ደብተር ስትገለብጥ የምታነጋውንም ሌሊት ይቀንስላታል።

«ገብቶሻል?» ብለው አይጠይቋት። ስልሳ ተማሪ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ አልገባኝም ማለት ለማንም ይከብዳል፤ በአስተርጓሚ በኩል ማለት ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ይልቅ «ይህን 48,000 ከየት አመጣሽው?» ቢሏት መልሷ የገባትንና ያልገባትን ለይቶ ያሳይዎታል።

ስለ እንግሊዝኛው ላነሡት፣ አንባቢዎችም እንዲረዱልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ አማርኛ በእጅ የሚነገርበት ስልት አይደለም። ለብዙዎቻችን አማርኛ ሰምተን ሳይሆን አንብበን የተማርነው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ነው፤ ቤተሰቦቹ አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ ለሚናገሩ ልጅ አራተኛ ሊሆን ይችላል። የሚሰማ ልጅ «ቢሆን ኖሮ»ን ከእናቱ አፍ ሺህ ጊዜ ሰምቶ ያድጋል። እኛ በመጽሐፍ ላይ አግኝተን ነው የምንታገለው። ስለዚህ አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ቢከፍሉት የሚፈትኑት አካውንቲንግ ያው ነው። ቀለል ያለውን ጥያቄ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለመላው ክፍል ይስጡት፤ ያን ጊዜ የአድልዎ ጥያቄ ራሱ አይነሣም።

መልስ፦ ከምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስለምሠራ ከተመራቂው ወንድማችን ሐሳብ ላይ የእኛን ወገን ልጨምር።

መምህር፣ አስተርጓሚው ክፍልዎ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ላስረዳ። እርስዎ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ በመካከል ወደ አማርኛ ይገባሉ፤ እኔ ከሁለቱም ወደ ምልክት ቋንቋ እመልሳለሁ። «አክሩዋል» (ገንዘቡ ሳይከፈል የሚመዘገብ ገቢ ወይም ወጪ) ወይም «ባንክ ሪኮንሲሊዬሽን» (የባንክ ማስታረቂያ) ሲሉ ሁሉም የተስማማበት ምልክት ላይኖረው ይችላል። አማርኛ ቃል ቢሆን በጣት ፊደላችን እጽፈዋለሁ፤ በእኛ የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ስለሚያሳይ ፊደላችንን እንዳለ ይከተላል። የእንግሊዝኛውን ቃል ግን በላቲን የጣት ፊደል አንድ በአንድ መዘርዘር አለብኝ። አሥራ አምስት ፊደላት ያሉትን ቃል ዘርዝሬ ስጨርስ እርስዎ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈዋል። ኮርሱን እኔ ራሴ አልተማርኩትም፤ ስለዚህ ጽንሰ ሐሳቡን ሳልረዳው ቃሉን ብቻ ባቀብላት ለእሷም ባዶ ቃል ይደርሳታል።

የምዕራፉን ማስታወሻ ከሁለት ቀን በፊት ቢሰጡን ከተማሪዋ ጋር ተቀምጠን ለእያንዳንዱ ቃል ለክፍሉ የሚያገለግል ምልክት እንስማማለን። የእርጅና ቅናሽን ለምሳሌ «ዋጋ» በሚለው ምልክት ጀምረን በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ ዝቅ በሚል እጅ ልናሳየው እንችላለን፤ ይህን ስናደርግ ተማሪዋ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሥሌቱንም አብራ ታያለች። የተስማማንባቸውን ምልክቶች በስልክ ቀርጸን ብናስቀምጣቸው በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡ ተማሪዎችና ለሌላው አስተርጓሚም ይጠቅማሉ።

ሌላው ነገር ድካም ነው። አንድ አስተርጓሚ ብቻውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ጥራቱ እየወረደ ይሄዳል፤ ለዚህም ነው በረጅም ስብሰባዎች ላይ ሁለት አስተርጓሚዎች የሚፈራረቁት። ሁለተኛ ሰው ከሌለ በሌክቸሩ መካከል ለአምስት ደቂቃ የጽሑፍ መልመጃ ይስጡ፤ እጃችንም የተማሪዋም ዓይን ያርፋል።

ጥያቄ ሲጠይቁም ትርጉሙ ከንግግርዎ በጥቂት ሰከንዶች እንደሚዘገይ ያስታውሱ። ጥያቄው ለእሷ ሳይደርስ የሚሰማው ተማሪ መልሶ ጨርሷል። እጄ እስኪያርፍ ጠብቀው መላሹን ይምረጡ። ሲያነጋግሯትም እሷን እያዩ «እንዴት ሠራሽው?» ይበሉ እንጂ ወደ እኔ ዞረው «እንዴት እንደሠራችው ጠይቃት» አይበሉ።

አስተያየት፦ ከአንድ የመድረኩ ተሳታፊ

ለሁሉም አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነጋገር ያለብን ይመስለኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። የልዩ ፍላጎት ትምህርትም በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች አለ። አስተርጓሚ በሌለበት፣ መምህሩም ባልሠለጠነበት ሁኔታ ተማሪዎቹን በአካውንቲንግ ከማንገላታት ቋንቋቸውን የሚያውቁ መምህራን ወዳሉበት ትምህርት ክፍል መምራት አይሻልም?

መልስ፦ ከመስማት የተሳነው ተመራቂ

የጠቀሱትን ፕሮግራም እጅግ አከብረዋለሁ። ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ ቋንቋችን በጥናት ደረጃ ዛሬ ያለበት ቦታ ባልደረሰ ነበር። ነገር ግን የምልክት ቋንቋን ማጥናት ለሚወደው ሰው የሚሆን ሙያ ነው፤ ስለማይሰማ ብቻ ማንም ሊገፋበት አይገባም። ይህች ተማሪ 48,000ን ያለ ስሕተት አውጥታለች። የጎደላት በአንድ ሐረግ ውስጥ የተሰወረ መረጃ ነው፤ ለዚህ ትምህርት ክፍል አይቀየርም።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 ንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት የከፍተኛ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና እንዲያገኙ፣ ለዚህም ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ያስገድዳል። ግዴታው የተጣለው በአገሪቱ ላይ፣ ከዚያም በተቋሙ ላይ ነው። ተማሪው አስተርጓሚ ወዳለበት እንዲሰደድ የሚል የለበትም። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት መስጠትም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ጥያቄውን በሦስተኛ ቋንቋዋ አንብባ፣ መመሪያውን ደግሞ ከአስተርጓሚ ለምትቀበል ተማሪ ሰዓቱ ከሌላው እኩል ነው ማለት አይቻልም።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ወንድሜ መምህር፣ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከላይ ስለተነሣው የትምህርት ክፍል ምርጫ ትንሽ ልበል። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች እዚያ የንግድ ሥራ አስተዳደርን፣ ሒሳብንና ሳይንስን በምልክት ቋንቋ ይማራሉ። ይሁንና እዚህም አገር አብዛኛው መስማት የተሳነው ተማሪ የሚማረው እንደ እርስዎ ባለ ተራ ክፍል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የተሐድሶ አዋጅና በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አስተርጓሚውን ወይም የጽሑፍ ባለሙያውን የማቅረብ ኃላፊነት በኮሌጁ ላይ ስለጣሉ፣ ተማሪው ከመምህሩ ጋር መለማመጥ አይጠበቅበትም።

እኛ ጋ ምልክት ቋንቋ ለማያውቀው ተማሪ የሚመደብለት መምህሩ የሚናገረውን ቃል በቃል እየተየበ በስክሪን ላይ የሚያሳይ ባለሙያ ነው። ይህ ወጪው ከባድ ነው፤ ዛሬውኑ ይገኝልዎታል ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ጎግል ያዘጋጀውና በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው ላይቭ ትራንስክራይብ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ አማርኛንም ይቀበላል። ተማሪው ስልኩን ይዞ እርስዎ አጠገብ ቢቀመጥ፣ ከተቻለም እርስዎ ከስልኩ ጋር የተገናኘ የአንገት ማይክ ቢያደርጉ ይሻላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲደባለቅበት ብዙ ይሳሳታል፤ ስለዚህ በአንዱ ቋንቋ ጨርሰው ወደ ሌላው ይሻገሩ። ቁጥሮችን ግን በፍጹም ለመሣሪያው አይተዉት፤ በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» (15) እና «ፊፍቲ» (50) በደንብ የሚለያዩት በሰሌዳ ላይ ሲጻፉ ነው።

ጥሩ ማስታወሻ የሚይዙ ሁለት ተማሪዎች መርጠው በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ደብተራቸውን ፎቶ አንሥተው ለወጣቱም ለተማሪዋም እንዲልኩ ማድረግም ይቻላል። ሁለት ይሁኑ፤ አንደኛው ሲቀር ሌላው ይኖራል።

መልስ፦ ከጆሮና መስማት ባለሙያ

ስለ ወጣቱ ብቻ አጠር አድርጌ ልጻፍ። አንዳንድ የመርፌ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጡ የነበሩት እንደ ካናማይሲን ያሉት፣ የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ጉዳቱም በአብዛኛው የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነው። እንዲህ ያለ ሰው ንግግር እንዳለ ይሰማል፤ ነገር ግን እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ እና ተ ያሉት ድምፆች ይጠፉበታል። ራሱን የሚነቀንቀው ድምፅዎን ስለሰማ ነው፤ ቃሉን ግን ላይለየው ይችላል። መጮኽ አይረዳውም፤ የሚያጎላው እሱ ድሮም የሚሰማቸውን ወፍራም ድምፆች ነው።

ቀሪውን ከከንፈርዎ ያነባል፤ ከንፈር ግን ሁሉን አይናገርም። በ፣ ፐ፣ ጰ እና መ በከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ሳይሰማ ቢቀር ያንኑ ከመድገም በሌላ ቃል ይንገሩት። ብርሃን ከበስተኋላዎ በሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ፊትዎ ይጨልምበታል። የመስሚያ መሣሪያው በደንብ የሚሠራው በአንድና በሁለት ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን አይወርድም። ክፍልዎ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለውና ዝናብ ከጣለ መሣሪያው ዝናቡን ነው የሚያጎላለት፤ በዚያን ሰዓት በጽሑፍ ይሥሩ።

ባትሪውንም ይጠይቁት። የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ልጣጩ ከተነሣ ጀምሮ አየር እየሳበ ስለሚያልቅ፣ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ዕድሜው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚቆጠር ነው። ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እንደ ልብ ስለማይገኝ ለፈተና ቀን ቆጥበው ሌላውን ቀን ሳይሰሙ የሚውሉ ተማሪዎች አሉ። የግቢው ድጋፍ ማዕከል ባትሪ በጅምላ ገዝቶ ቢያስቀምጥ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ ከአካውንቲንግ መምህር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚቀጥለውን ምዕራፍ ማስታወሻ ዛሬ ማታ ለአስተርጓሚውና ለመላው ክፍል እልካለሁ፤ የመጨረሻ ፈተናውንም ጥያቄዎች በአጫጭር ዓረፍተ ነገር እንደገና መጻፍ ጀምሬአለሁ። የቀረኝ የቡድን ሥራ ነው። ተማሪዋ አምስት አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ ናት፤ አስተርጓሚ ከክፍል ውጭ አይመጣም። ጓደኞቿ ቅን ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን ተወያይተው ከጨረሱ በኋላ ውጤቱን ብቻ ጽፈው ያሳዩአታል።

መልስ፦ ከመስማት የተሳነው ተመራቂ

መምህር፣ ውጤቱን ብቻ ማሳየት በደግነት የሚደረግ ነገር ስለሆነ ተማሪዋ ራሷ አታማርርም፤ ስለዚህ እርስዎ ይግቡበት። ቡድኑ ውይይቱን በቴሌግራም በጽሑፍ እንዲያደርግ፣ በአካል ሲገናኙም አንድ ሰው ብቻ እንዲናገርና ተናጋሪው አስቀድሞ እጁን እንዲያነሣ ያዝዙ። ከሥራው ውስጥ ለእሷ ሙሉ ክፍል ይስጧት፤ የባንክ ማስታረቂያውን ለምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሷ ትሥራው፤ የሚቀርብበትን ቀን ደግሞ አስተርጓሚው በሚመጣበት ክፍለ ጊዜ ላይ ያድርጉትና በራሷ እጅ ታቅርበው። ከቡድኑ አባላት አንዱ ወይም ሁለቱ የጣት ፊደልን ለመማር ፈቃደኛ ከሆኑ እሷው ታስተምራቸዋለች፤ ፊደሉን ስለሚያውቁት የሚቀራቸው የእጁን ቅርጽና ሰባቱን እንቅስቃሴዎች መልመድ ብቻ ነው።